ጾመው ይምጡ ወይስ በልተው? የልብ ታማሚዎች የኮሌስትሮል ምርመራ ጣጣ

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። አባዬ 64 ዓመቱ ነው፣ የዛሬ 8 ወር ሀርት አታክ ይዞት አንድ ስቴንት (የልብን የደም ስር ከፍቶ የሚይዝ ቀጭን የሽቦ ቱቦ) ገብቶለታል፣ ስኳርም ስላለበት ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋል። አቶርቫስታቲን 40 የሚባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒትና አስፕሪን ይወስዳል። ሐኪሙ ኮሌስትሮል አሰርተህ ና ካለው ሁለት ወር አለፈ፣ እስካሁን አልተሰራም። መጀመሪያ ስንሄድ ሻይ ጠጥቷል ብለው መለሱን። ሁለተኛ ስንሄድ ልጅቷ "አባባ ጾመዋል?" ስትለው "አዎ ልጄ፣ አርብ አይደል እንዴ" አላት፣ ለካ ጠዋት ሽሮ በልቶ ነው የወጣው፣ ደሙ ከተቀዳ በኋላ ሲጫወቱ ታወቀና ተደፋ። ሦስተኛው ቀን ደግሞ ኢንሱሊኑን ወግቶ ሳይበላ ሄደ፣ ወረፋው ረዘመ፣ 4 ሰዓት ላይ ላብ በላብ ሆነ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ጥበቃው ሮጦ ሚሪንዳ ባያመጣለት ምን ይሆን እንደነበር እንጃ። አሁን "ከልብ ተርፌ በላብራቶሪ ልሞት ነው፣ አልሄድም" ብሏል። ደግሞ ሆስፒታል ተኝቶ እያለ በሦስተኛው ቀን ተለክቶ ኤልዲኤሉ (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል) 92 ነበር፣ "እሱ ጥሩ ነው ተብያለሁ፣ ምን ያስለፋኛል" ይላል። እውነት መጾሙ ግድ ነው? (ከኮተቤ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ለአባትሽ "ልክ ነዎት ብሎዎታል" በይልኝ። ለኮሌስትሮል ብቻ ከሆነ ቁርሳቸውን በልተው፣ ኢንሱሊናቸውን ወግተው፣ ሻያቸውን ጠጥተው መሄድ ይችላሉ። ይሄ የኔ ፈጠራ እንዳይመስልሽ፣ ዴንማርኮች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ እንደዛ ነው የሚሰሩት፣ በ2016 ደግሞ የአውሮፓ የላብራቶሪ ባለሙያዎችና የደም ስር ሐኪሞች ማህበራት አንድ ላይ ሆነው "መጾም እንደ ደንብ ይቅር" ብለው ወጥተዋል። እኛ ጋ ግን ማዘዣው ላይ "ጾሞ" የምትለዋ ቃል ከድሮው ጀምሮ እየተገለበጠች ትመጣለች፣ ለምን እንደተጻፈች የሚጠይቅ የለም።

ቃሏ ራሷ እኮ ችግር ናት። ልጅቷም አባትሽም አልተሳሳቱም፣ ሁለት የተለያየ ጾም ነው ያወሩት። የአባትሽ ጾም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ አለመንካት ነው፣ የላብራቶሪው ጾም ግን ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ለሚሆን ጊዜ ከውሃ በስተቀር ምንም ነገር ወደ አፍ አለማስገባት ነው፣ ሽሮም ቢሆን ቆሎም ቢሆን ስኳር ያለው ቡናም ቢሆን ያው ነው። ሙስሊም ታካሚዎች ጋ ደግሞ የሚያጋጥመኝ ተቃራኒው ነው፣ ጾመው ይምጡ ሲባሉ ውሃም የተከለከለ ይመስላቸውና ጉሮሯቸው ደርቆ ይመጣሉ፣ ያኔ የደም ስራቸውን ፈልጎ ማግኘት ራሱ ፈተና ነው። ስለዚህ እኔ "ይጹሙ" ማለት ትቻለሁ፣ መጾም የሚያስፈልገው ሰው ሲመጣ "ማታ 2 ሰዓት ራትዎን ይብሉ፣ ከዛ በኋላ እስከ ጠዋት ውሃ ብቻ" ነው የምለው።

ድሮ ለምን ጹሙ ይባል ነበር ብለሽ ከጠየቅሽኝ ምክንያት ነበረው። ደም ተቀድቶ በማሽን ሲሽከረከር ቀዩ ወደ ታች ይዘቅጥና ከላይ ፈሳሹ ይቀራል። ያ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ቢጫ ነው፣ ብርዝ ነው የሚመስለው። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ቅባት ከፍ የሚልበት ሰው ማታ ክትፎ በልቶ ጠዋት ዱለት ደርቦ ሲመጣ ግን ፈሳሹ ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል፣ ቱቦውን ከጀርባ የያዝሽበት ጣትሽ እንኳ አይታይሽም። ከምግብ የመጣው ቅባት ገና በደም ውስጥ እየተንሳፈፈ ነው ማለት ነው። ይሄ ነገር ትራይግሊሰራይዱን ከፍ ያደርገዋል፣ እና ችግሩ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ላብራቶሪ ኤልዲኤልን በቀጥታ አይለካም፣ ያሰላዋል። በ1972 የወጣች ፍሪድዋልድ የምትባል ፎርሙላ አለች፣ ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልን (ጥሩ የሚባለውን ኮሌስትሮል) ትቀንሻለሽ፣ ከዛ የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ ትቀንሻለሽ፣ የተረፈው ኤልዲኤል ይባላል። ትራይግሊሰራይዱ በምግብ ምክንያት ካበጠ የሚቀነሰውም ያብጣል፣ ኤልዲኤሉ ያነሰ መስሎ ይወጣል። የጾሙ ነገር የመጣው ይህቺን ሂሳብ ላለማበላሸት ነው።

ታዲያ ምን ያህል ነው የሚያበላሸው? ኮፐንሃገን ውስጥ ከ33 ሺህ በላይ ሰዎችን ደም አይተው በ2008 ያወጡት ነገር አለ፣ ሰው እንደ ወትሮው ከበላ በኋላ ከ1 እስከ 6 ሰዓታት ባለው ጊዜ ውስጥ ሲለካ ትራይግሊሰራይዱ በአማካይ ቢበዛ በ26 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከፍ አለ፣ ኤልዲኤሉ ደግሞ በ8 ገደማ ዝቅ አለ፣ በቃ። የ8ቷም ልዩነት አብዛኛዋ ሰው ሲበላ ከሚጠጣው ፈሳሽ የመጣች እንጂ ከቅባቱ አይደለችም። ደግሞ በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት አለ፣ የደም ግፊት ያለባቸው ከ8 ሺህ በላይ ሰዎች አንዴ ጾመው አንዴ በልተው በ4 ሳምንት ልዩነት ተለኩ፣ ከዛ ማን የልብ በሽታ ያዘው ሲባል ጾመው የተለኩትም በልተው የተለኩትም ቁጥር እኩል ነው የተነበየው። ምክንያቱ ሲታሰብ አይገርምም፣ ሰው ከ24 ሰዓት ውስጥ አብዛኛውን የሚኖረው በልቶ ነው፣ የደም ስሩም የሚጎዳው በዚያው ደም ነው።

አሁን ግን ለልብ ታማሚ ብቻ የምትሆን አንድ "ነገር ግን" አለችኝ፣ እሷ ላይ ትንሽ ልቆይ። ልቡን ያላመመው ሰው ቁጥሩ 120 ሆነ 112 ብዙ ለውጥ የለውም። የአባትሽ ግን ሌላ ነው። ስቴንት ለገባለት ሰው የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ከ2019 ጀምሮ ኤልዲኤል ከ55 በታች ይሁን፣ ደግሞም ከመነሻው ቢያንስ በግማሽ ይውረድ ይላል፣ የአሜሪካኖቹ የ2018ቱ ደግሞ 70ን ነው መድኃኒት ለመጨመር መስመር አድርጎ የያዘው። እንደዚህ ወደ ታች ስትወርጂ ያቺ የ1972ቷ ፎርሙላ መንገዳገድ ትጀምራለች። ምሳሌ ልስጥሽ፣ ጠቅላላው 130፣ ኤችዲኤል 40፣ ትራይግሊሰራይድ 200 የሆነ ስኳር ያለበት ሰው አስቢ። 130 ሲቀነስ 40፣ 90። የ200 አንድ አምስተኛ 40 ነው፣ 90 ሲቀነስ 40፣ 50። "ጎል ገብቷል፣ ከ55 በታች" ተብሎ ይጨበጨባል። ግን ፎርሙላዋ ኤልዲኤል ዝቅ ሲልና ትራይግሊሰራይድ ከፍ ሲል አሳንሳ የማሳየት አመል ስላላት እውነተኛው ከዛ በላይ ሊሆን ይችላል።

መውጫው ግን ማስራብ አይደለም። የመጀመሪያውን ቅነሳ ብቻ ያዢ፣ ጠቅላላው ሲቀነስ ኤችዲኤል፣ 90። ይሄ ኖን ኤችዲኤል ይባላል፣ ጎጂውን ሁሉ አንድ ላይ የያዘ ቁጥር ነው፣ ምግብ ብዙም አይነካውም፣ ልዩ ምርመራም አይጠይቅም፣ ወረቀቱ ላይ ባይጻፍ እንኳ በስልክሽ ካልኩሌተር ትሰሪዋለሽ። ለአባትሽ አይነቱ ሰው ከ85 በታች እንዲሆን ነው የሚፈለገው። እና ያ የተጨበጨበለት ሰውዬ በ90 ገና አልደረሰም ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ላብራቶሪውን "ኤልዲኤሉን ታሰላላችሁ ወይስ በቀጥታ ትለካላችሁ?" ብለሽ ጠይቂ፣ ማርቲን ሆፕኪንስ የምትባል በ2013 የወጣች የተሻለች ፎርሙላ የሚጠቀሙም አሉ፣ ማሽናቸው በቀጥታ የሚለካም አለ። የሚያኮርፍ ካለ ያኩርፍ፣ መጠየቅ መብትሽ ነው።

መጾም እውነት የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ፣ አልዋሽሽም። በልተው ተለክተው ትራይግሊሰራይዱ ከ400 በላይ ከወጣ ያኔ ጾመው ይደገማል፣ ከ400 በላይ ላይ የፍሪድዋልድ ሂሳብ ጭራሽ አይሰራም። ቀድሞውኑ ትራይግሊሰራይዱ በጣም ከፍ እንደሚል የሚታወቅ ሰው ወይም በሱ ምክንያት ቆሽቱ ተቆጥቶ ሆስፒታል የገባ ሰውም ጾሞ ነው የሚለካው። ከዛ ውጪ ያለው አብዛኛው "ጹም" የሚመጣው የጾም ስኳር እዛው ወረቀት ላይ አብሮ ስለሚታዘዝ ነው። ለሱ ደግሞ የሦስት ወር ስኳር የሚባለው ምርመራ አለ፣ ኤ ዋን ሲ፣ እሱ በልተሽም ይሰራል፣ ሐኪሙን በዚያ ይለውጡልን በዪው።

የኢንሱሊኑ ቀን ነገር ግን አስደንግጦኛል። ያ ስኳሩ ወርዶ ነው፣ ልብ ለታመመ ሰው ደግሞ ስኳር መውረድ ቀልድ አይደለም። ኢንሱሊን ወግቶ ምግብ መከልከል የሚባል ነገር የለም። አንድ ቀን የግድ መጾም ቢያስፈልጋቸው በዛን ቀን ጠዋት የትኛውን ኢንሱሊን ምን ያህል እንደሚወጉ ኢንሱሊኑን ካዘዘላቸው ሰው ጋ አስቀድመሽ ተነጋገሪ፣ ወረፋ ላይም "አባቴ ኢንሱሊን ተጠቃሚ ነው" ብለሽ ወደፊት አሳልፊያቸው፣ አታፍሪ። ላብና መንቀጥቀጥ ከጀመረ ምርመራው ገደል ይግባ፣ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ አጠጫቸው፣ ከዛ ምግብ ይብሉ። ጥበቃውን ደግሞ እግዜር ይስጠው፣ ያን ቀን ከሁላችንም የበለጠ ሐኪም እሱ ነበር።

ያቺ 92 ደግሞ አታታላችሁ። ሀርት አታክ ከያዘ በኋላ ሰውነት ስለሚቆጣ ኮሌስትሮል በራሱ ጊዜ ይወርዳል፣ ለዛ ነው ሆስፒታል በገቡ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓት ውስጥ መለካት የሚመረጠው። በሦስተኛው ቀን የተለካ ከእውነቱ ያነሰ ሊሆን ይችላል፣ ደግሞም 92 እኮ እንኳን ያኔ ዛሬም ለሳቸው ብዙ ነው። ስታቲን፣ ማለትም አቶርቫስታቲኑ፣ ከተጀመረ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ መለካት ነበረበት፣ እናንተ 8 ወር ሆናችሁ። ይሄ ሁሉ ወር ያለፈው በአንድ ሲኒ ሻይ ምክንያት ነው፣ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው። 40ው በቂ ነው ወይ፣ ወደ 80 ይደግ ወይ፣ ኢዜቲማይብ የሚባለው ሌላ የኮሌስትሮል መድኃኒት ይጨመር ወይ የሚለው ሁሉ ያንን ወረቀት ነው የሚጠብቀው። ነገ ቁርስ አብሊና ይዘሻቸው ሂጂ፣ ቁርሱ እንደ ወትሮው ይሁን፣ ምርመራ አለ ብሎ ሳምንት ሙሉ ጎመን መብላትም ዋዜማውን ቢራ መጠጣትም ሁለቱም ውጤቱን ያሳስታል። "በልተዋል" የሚል ማስታወሻ ላብራቶሪው እንዲጽፍበት ብቻ ንገሪያቸው፣ በልቶ ለሚለካ ሰው ትራይግሊሰራይድ ከፍ አለ የሚባለው ከ175 ጀምሮ ነው፣ ጾሞ ለሚለካው ነው 150 የሆነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር እንደምን ሰነበትክ። 58 ዓመቴ ነው፣ ባይፓስ (የተዘጋ የልብ የደም ስር ማሻገሪያ ቀዶ ሕክምና) ከተሰራልኝ 3 ዓመት ሆነኝ። የሁዳዴ የመጨረሻ ሳምንት ላይ ተለክቼ ኤልዲኤሌ 71 ነበር። ከፋሲካ 6 ሳምንት በኋላ ብለካ 94። ሁለቱንም ቀን ከማታ ጀምሮ ምንም ሳልቀምስ ነው የሄድኩት፣ መድኃኒቴንም አላቋረጥኩም። ላብራቶሪው ነው የተሳሳተው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጋሼ፣ ላብራቶሪው ይማርዎት፣ የተሳሳተ የለም። እርስዎ ያንን ሌሊት ምንም አለመቅመስዎ እዚህ ውስጥ ብዙም ቦታ የለውም፣ ኤልዲኤልን የሚያወርደውና የሚያወጣው የአንድ ሌሊት ራት ሳይሆን የሳምንታት ገበታ ነው። የመጀመሪያው ቀን ከኋላዎ ሰባት ሳምንት ሥጋና ቅቤ የሌለበት ምግብ ነበር። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ከኋላዎ ዶሮው፣ ክትፎው፣ አይቡ አለ፣ በዓለ ሃምሳም ስለሆነ ረቡዕና አርብ እንኳ የለም። ግሪኮች በቀርጤስ ደሴት የነሱን የኦርቶዶክስ ጾም የሚጾሙ ሰዎችን ተከታትለው በ2003 ሲያወጡት እንደዚሁ ነው ያገኙት፣ በጾሙ ጊዜ ጠቅላላውም ኤልዲኤሉም ወርዷል።

እና የትኛው ነው እውነቱ ካሉኝ ሁለቱም ነው፣ ግን ሐኪምዎ በ71ዱ ተደስቶ መድኃኒቱን እንዳለ ቢተወው የ94ቱን ወራት አላየም ማለት ነው። ለሐኪምዎ ሁለቱንም ወረቀት ይዘው ይሂዱ፣ ቀኑን ጽፈው፣ "ይሄ በጾም፣ ይሄ በፍስክ" ብለው። ለባይፓስ ሰው ሁለቱም ገና ከ55 በላይ ናቸው። የሚያነጻጽሩት ከሆነ ደግሞ በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅት ቢለኩ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ በጾም ሁሉ ይወርዳል ብለው እንዳይዘናጉ። ብርድ ሲሆን የሚረጋው የፓልም ዘይት አለ አይደል፣ ጀሪካኑ ላይ "ከኮሌስትሮል ነጻ" ይላል፣ እውነቱን ነው ኮሌስትሮል የለውም፣ ግን ግማሽ ያህሉ ልክ እንደ ቅቤ የሚረጋ ቅባት ስለሆነ ጉበት ኤልዲኤል እንዲያበዛ ያደርገዋል። በሱ የተጠበሰ ሳምቡሳ እየበሉ ሁዳዴን ቢጨርሱ 71 ላያገኙ ይችሉ ነበር። የጀበና ቡናም ትንሽ እጁ አለበት፣ ተፈልቶ በወረቀት ሳይጠለል የሚጠጣ ቡና ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርግ ካፌስቶል የሚባል ነገር ይዞ ይመጣል። አቦል ቶና በረካ ተው አልልዎትም፣ እኔም አልተውኩም፣ በረካው ላይ ግን ይቅር ቢሉ ጥሩ ነው። አቶርቫስታቲን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ በቀን በየትኛውም ሰዓት ይሆናል፣ ቅዳሴ ያለበት ቀን ከመግደፊያ በኋላ ይዋጡት እንጂ "ጾም ነው" ብለው አይዝለሉት።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። እማዬ 69 ዓመቷ ነው፣ ሁለት ስቴንት አላት፣ ልትጠይቀኝ ለንደን መጥታ ነው። አዲስ አበባ እያለች ጾማ ተለክታ ኤልዲኤሏ 81 ነበር፣ እዚህ ጂፒው (የሰፈር ሐኪሙ) ጋ ስወስዳት ነርሷ "መጾም አያስፈልጋትም" አለችና በልታ ተለካች፣ ውጤቱ 2.1 መጣ! እማዬ "ጠበሉ ሠራ፣ ኮሌስትሮሌ ጠፋ" ብላ ክኒኑን ካቆመች 10 ቀን ሆናት። እኔ ነርሷ በልታ ስለለካቻት የተበላሸ መሰለኝ። ድጋሚ ጾማ ትለካ? (ከለንደን)

መልስ፦ የኔ እህት፣ ነርሷ ልክ ናት፣ እንግሊዝ ውስጥ የመንግሥቱ መመሪያ ከ2014 ጀምሮ ለዚህ ምርመራ መጾም አያስፈልግም ይላል። ጉዱ ያለው መለኪያው ላይ ነው። አዲስ አበባ በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው የሚጻፈው፣ እንግሊዝ በሚሊሞል በሊትር። የእንግሊዙን ኮሌስትሮል በ38.67 ስታበዢው የአዲስ አበባው ይሆናል። አሁን ስልክሽን አውጪና 2.1ን በ38.67 አብዢ።

81 መጣልሽ አይደል? ጾማም በልታም፣ አዲስ አበባም ለንደንም ያው አንድ ቁጥር ነው፣ አንዲት ነጥብ አልተነቃነቀም። እንዲያውም በእንግሊዞቹ መመሪያ ስቴንት ያለበት ሰው 2.0 ወይም ከዛ በታች ነው መሆን ያለበት፣ በአውሮፓው ደግሞ 1.4፣ ስለዚህ ክኒኑን እየዋጠች እንኳ ትንሽ የሚቀራት ሰው ናት። ትራይግሊሰራይዱን ስትቀይሪ ግን በ38.67 እንዳይሆን፣ ለሱ 88.57 ነው፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ለእትዬ በእርጋታ ንገሪልኝ፣ ጠበላቸውን ማንም አይከለክላቸውም። ክኒኑን ግን ዛሬ ማታ ይዋጡ፣ ጂፒው ጋም ደውለሽ 10 ቀን እንዳቋረጡ ንገሪያቸው፣ ቀጣዩ ምርመራ መቼ ይሁን የሚለው ከዛ በኋላ ነው የሚቆጠረው። ለሱም ቁርሳቸውን በልተው ይሂዱ።